«ጠይብ» ያለ አንድ ዓመት ይታሰራል

በጥር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ አንድ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስለ ግብር አልነበረም፤ ስለ ዘመቻም አልነበረም። ስለ ስድብ ነበር። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ የሚጽፈውን «ጠንቋይ»፣ የሚነግደውን «መጫኛ ነካሽ» እያላችሁ የምትሳደቡ ሁሉ ተዉ አሉ። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው፤ በአውሮፓ መድፍና ባቡር የሚሠራ ሰው ይሸለማል፣ ይከበራል፤ እናንተ ግን ሠራተኛውን በስድብ እያሳፈራችሁ አገሪቱን ባለሙያ አልባ ልታስቀሯት ነው ሲሉ ሕዝባቸውን ወቀሱ። ከዚያም ቁርጡን ተናገሩ። ከእንግዲህ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት ነው።

ይህን አዋጅ ያስታወስነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር «ሰው በተናገረው ቃል ይታሰር ወይስ አይታሰር?» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ወገን ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ ሌላው ስለ ጀርመን ሕግ ያወራል። ጉዳዩ ትናንት ከፈረንጅ አገር የመጣ ይመስላል። አይደለም። የራሳችን ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይም አስቆጥሯል። በእነዚህ ዓመታት መንግሥታት ሁሉ አፋችንን ሊገሩ ሞክረዋል። እኛም እስቲ የሙከራዎቹን ታሪክ እንከልሰው ብለን ተነሳን። ስንከልሰው ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን። ስድብን የሚከለክል ሕግ በወጣ ቁጥር መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ቃሉ ምን ያህል ያስነውራል?» አይደለም። «ሕጉ ማንን ነው የሚጠብቀው?» ነው።

ንጉሡ ለማን ቆሙ?

«ጠይብ» ዛሬ ለአንዳንዶቻችን ተራ ቃል ሊመስለን ይችላል። በዚያ ዘመን ግን የአንድን ሰው ሕይወት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወስን ቃል ነበር። ጠይብ የተባለ ሰው ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራል፤ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ከእሱ ጋር ጋብቻ የለም። ማረሻውን ይገዙታል፣ ማዕድ ግን አይጋሩትም። በጎንደር አካባቢ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩት ቤተ እስራኤሎች «ፈላሻ» ከሚለው መጠሪያ በተጨማሪ ይህን ስድብም ተሸክመው ኖረዋል። ከቆዳ ፋቂው እስከ ሸማኔው፣ በየአካባቢው በእጁ ሙያ የሚያድር ሰው የየራሱ መዋረጃ ቃል ነበረው።

ምኒልክ እዚህ ነገር ውስጥ የገቡት በርኅራኄ ብቻ ነው ብለን አናስብም። ዘመኑ የባቡር ሐዲድ፣ የስልክ፣ የባንክና የወፍጮ ዘመን ነበር። ሠራተኛ ያስፈልጋቸዋል። ብረት መሥራት ነውር በሆነበት አገር ማን ልጁን ለብረት ሥራ ይሰጣል? አዋጁ የልማት ፖሊሲም ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ ከመጡት ብዙ ሕጎች የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የቆመው ለታችኛው ነው። ጠይብ የተባለ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «ተሰደብኩ» ቢል የሚሳቅበት እሱ ነበር። ንጉሡ «የሰደባችሁት እኔን ነው» ሲሉ የራሳቸውን ክብር አንስተው ክብር በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ደረቡት። በታሪካችን የንጉሥ ክብር ወደ ታች ሲወርድ ካየንባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ሠራ ወይ? ቃሉ ከአዋጁ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ምኒልክ አልፈዋል፣ አዋጁም ተረስቷል፤ «ጠይብ» ግን አለ። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲላኩ ስለ «ዘሩ» የሚጠየቀው ጥያቄ በብዙ ቦታ አሁንም አልጠፋም። ለምን? አዋጁ ያዘዘው ምላስን ብቻ ስለነበር ይመስለናል። ባለእጁ ርስት አልነበረውም፤ ከአዋጁ በኋላም ርስት አላገኘም። የሚጋባው ከመሰሎቹ ጋር ነበር፤ ከአዋጁ በኋላም እንደዚያው ሆነ። ስድቡ የኑሮው ክዳን ነበር። ክዳኑን አንሱ ተባለ እንጂ ድስቱን የነካው አልነበረም።

የ«ባሪያ» ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የባሪያ ንግድና ባርነት በተለያዩ ሕጎች ሲከለከሉ ቆይተው በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ተሻረ። ባርነቱ ከሕግ መጽሐፍ ወጣ፤ ቃሉ ግን ከምላሳችን አልወጣም። ሰው ሲናደድ የሚመዘው፣ ጥቁረቱ በርከት ያለ የአገሩን ልጅ የሚወጋበት ቃል ሆኖ ቀረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰማይ አይታረስ

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ሕግ እንሂድ፤ ወደ ላይኛው ወደሚቆመው።

የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። የእረኛው ዘፈን የሕዝብ ልብ ነውና። አዝማሪም በግብር አዳራሽ ቆሞ ጌታውን በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ የማድረግ ፈቃድ ነበረው። ሰሙን የሰማ ይስቃል፤ ወርቁ የገባው ያቀረቅራል። ይህን ስንል ዘመኑ የነጻነት ነበር ማለታችን አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም የዚያው ዘመን ነው። ግን ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ ሕዝብም በዚያች ቀዳዳ ይተነፍስ ነበር።

ያቺን ቀዳዳ በጥይት ሊደፍናት የሞከረው ፋሺስት ኢጣሊያ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ጥፋታቸው ምን ነበር? የኢጣሊያ አገዛዝ አይቆይም ብለው ወሬ መንዛታቸው። ልብ በሉ፤ ምኒልክ ቃል ይቀጣ ያሉት የተናቀውን ሠራተኛ ሊያድኑ ነው። ግራዚያኒ ቃል ይቀጣ ያለው የራሱን ዙፋን ሊያድን ነው። ሁለቱም «ንግግርን መቆጣጠር» ናቸው። አንድ ናቸው የሚል ካለ ግን እኛ አንስማማም።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የዘመናዊ ሕግ ጊዜ መጣ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንድ በኩል የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን ሰጠ፤ በሌላ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር ነው ብሎ ደነገገ። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ስድብንና ስም ማጥፋትን ወንጀል አደረገ። በወረቀት ላይ ሕጉ ለሁሉም ነበር፤ እረኛውም ይክሰስ፣ ደጃዝማቹም ይክሰስ።

በተግባርስ? በዚያው ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ራሱን በማይጠራበት፣ በሚጠላውም ስም በመንግሥት ወረቀት፣ በመማሪያ መጽሐፍና በካርታ ላይ ሲጠራ ነበር። ቃሉን እዚህ አንጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህን ቃል በመጻፉ በዚያ ሕግ ፍርድ ቤት የቆመ ሹም የለም። በአንጻሩ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ጥቂት ዓመታት ብቻ ሠርቶ ተዘጋ፤ ጄኔራል ታደሰ ብሩን ጨምሮ መሪዎቹ ታሰሩ። አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የተሰኘ መጽሐፉን ሲያሳትም መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። የተሰደበው ማኅበር ሲያቋቁም ይዘጋበታል። ገዢውን የነካው መጽሐፍ ይታገዳል። ስድብን የሚቀጣው ሕግ ግን በመጽሐፉ ላይ አለ፤ ያውም ለሁሉም!

መንግሥት ሲሳደብ

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እስከዚያ ድረስ መንግሥት ስድብ ይከለክል ወይም ያልሰማ ይመስል ነበር። ደርግ ስድብ ያመርት ጀመር። «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት»፣ «ፀረ ሕዝብ»፣ «የኢምፔሪያሊዝም ቡችላ»፣ «ገንጣይ አስገንጣይ»። እነዚህ በጠላ ቤት ጠብ መካከል የተፈጠሩ ቃላት አይደሉም። በሬዲዮ የተነበቡ፣ በአዲስ ዘመን የታተሙ፣ በቀበሌ ስብሰባ መፈክር የሆኑ ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ሲጣል ደረቱ ላይ ጽሑፍ ይደረግበት ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ስም ወጣለት፤ ቀጥሎ ተገደለ፤ ከሞተም በኋላ ስሙ ተለጠፈበት።

ወላጆቻችን ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ የገባን ይህን ካነበብን በኋላ ነው። «አናርኪስት» ዛሬ ተራ የመጽሐፍ ቃል ነው። ያኔ ግን የተባለበት ቤት ማታ በሩ ይንኳኳ ነበር። ስለዚህ «ቃል ቃል ነው፣ ማንን ይገድላል?» ለሚሉ ወዳጆቻችን መልሳችን አጭር ነው። ከበስተጀርባው ጠመንጃ ያለው ቃል ይገድላል።

በዚያው ዘመን ለመናገር የሞከረውስ? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ተሳዳቢው መንግሥት ትችት መስማት አልቻለም።

ሚዛናችን እንዳይዛባ ግን ይህንም እንናገር። ያ ያልጻፍነው ቃል ከመንግሥት ወረቀት ላይ የወጣው ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ነው። ኦሮሞው ኦሮሞ፣ ወላይታው ወላይታ ተብሎ ተጻፈ። ይህ እንዴት ሆነ? ተሳዳቢው ሁሉ ታስሮ አይደለም። የተማሪው ንቅናቄ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጮክ ብሎ አንስቶታል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ ጭሰኛውን ከባለርስቱ እግር ሥር አንስቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ትናንት ቋንቋው የተናቀበት ገበሬ በቋንቋው ፊደል ቆጥሯል። ቃሉ ከሕዝብ አፍ ጨርሶ ጠፋ አንልም። በአደባባይ የሚያሳፍር ቃል ሆነ እንጂ። ምኒልክ በአንድ ዓመት እስራት ያላገኙትን ውጤት መሬት፣ ትምህርትና የባለቤቶቹ የራሳቸው ትግል በከፊል አስገኙት። ድስቱ ሲነካ ክዳኑም ተንቀሳቀሰ።

ነጻ ፕሬስና ኢንተርሃምዌ

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጣ፤ ቅድመ ምርመራ ቀረ። የአዲስ አበባ አስፋልት በጋዜጣና በመጽሔት ተሸፈነ። ጥሩም ነበር፣ መናኛም ነበር፣ ስድብም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን አስከበረ፤ የሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችና የጦርነት ቅስቀሳዎች ግን በሕግ ይከለከላሉ አለ። ወረቀቱ ላይ የሚጣላበት ሰው ያለ አይመስለንም።

ሥራው ግን ሌላ ነበር። ጋዜጠኞች በስም ማጥፋትና በሐሰት ወሬ እየተከሰሱ ፍርድ ቤት ተመላለሱ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ገዢው ፓርቲ በበኩሉ ተቃዋሚን የሚመድብበት ሁለት ሣጥን ነበረው፤ «ትምክህተኛ» እና «ጠባብ»። ማንም ፖለቲከኛ ከሁለት አንዱ ውስጥ አይጠፋም ነበር። በ1997ቱ ምርጫ ደግሞ ከሩዋንዳ አንድ ቃል መጣ። ቅንጅትን ከ«ኢንተርሃምዌ» ጋር የሚያመሳስል ቅስቀሳ በመንግሥት ሚዲያ ተደመጠ። ከምርጫው በኋላ የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ሲከሰሱ ከክሶቹ አንዱ የዘር ማጥፋት ሙከራ ነበር። ክሱ ኋላ ወድቋል፤ ተፈርዶባቸው የነበሩት መሪዎችም በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈትተዋል።

ሩዋንዳን ያነሳነው ለዚህ ብቻ አይደለም። በዚህ ክርክር ውስጥ ለነጻ ንግግር የምንቆም ሰዎች ሸሽተን ልናልፈው የማይገባ ጉዳይ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኤር ቴ ኤል ኤም የተባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ፣ አልፎም የሚፈለጉ ሰዎችን ስምና መሸሸጊያ እየተናገረ ገዳዮችን ሲመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አሩሻ ላይ ከሬዲዮው መሥራቾች ሁለቱንና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ብሏል፤ በይግባኝ የተወሰኑት ክሶች ቢሰረዙም ጥፋተኝነቱ ጸንቷል። እንዲህ ያለውን ንግግር «ሐሳብን የመግለጽ መብት» ማለት በሟች ላይ መቀለድ ነው።

ግን ሌላውንም ገጽ እናንብበው። ሬዲዮው የመንደር ተሳዳቢ አልነበረም። በሥልጣን ላይ ላሉ ሰዎች ቅርብ የነበረ፣ በባለሥልጣናት የተደገፈ ጣቢያ ነበር። ጠመንጃው ከጀርባው ነበር። የስድብ ሕግ ቢኖር ኖሮ በዚያን ጊዜ አስፈጻሚዎቹ እነማን ይሆኑ ነበር? ሕጉስ ማንን ያስር ነበር?

የኛ ዘመን አዋጅ

ይህ ጥያቄ ወደ ራሳችን ደጅ ይመልሰናል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አጠራር ከጠቅላይ ሚኒስትሩ አንደበት ተሰማ። ሌቦችን ለመግለጽ ነው ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በጎዳናና በስልክ ላይ የአንድ ሕዝብ መሰደቢያ ሆነ። ከማኅበራዊ ሚዲያው ግራና ቀኝ የሚወረወረው ስድብ ደግሞ ለወሬ አይመችም፤ በየብሔሩ፣ በየሃይማኖቱ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጣ። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨም ቅጣቱ ይከብድበታል።

ብዙዎቻችን ሕጉ ሲወጣ «ይበል» ብለን ነበር። ቤት የተቃጠለበት፣ ሰው የተፈናቀለበት ጊዜ ነበርና። ወዲያው ከተከሰሱት መካከል ግን አንዱ ጎረቤቶቹን የሚያስፈጅ ቀስቃሽ ሳይሆን መንግሥት ለኮሮና መቃብር እያዘጋጀ ነው ብሎ የዘገበ ጋዜጠኛ ነበር። ዘገባው ትክክል ነው ብለን አንከራከርም። ግን አዋጁ መጀመሪያ የያዘው ማንን እንደሆነ እዩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ «ጁንታ» የሚለው ቃል ከመንግሥት መግለጫ ወጥቶ በተራ የትግራይ ተወላጅ ላይ የሚለጠፍ ሆነ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጽሑፍ ሁከት ያነሳሳል ብሎ ከገጻቸው ያነሳው የአገሪቱ አዋጅ አይደለም፤ የአሜሪካ ኩባንያ የሆነው ፌስቡክ ነው። አዋጅ 1185 በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ ነበረው።

በነገራችን ላይ ሕግ ሁልጊዜ ወደ መጥፎ ብቻ ይሄዳል ማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። ክብሬ ተነካ ያለ ባለሥልጣን ካሳ ይጠይቅ፤ ጋዜጠኛውን ግን በዚህ ምክንያት እስር ቤት አይላክ ማለት ነው። ጋዜጠኞች በሌላ በሌላ ምክንያት ከመታሰር ባይድኑም ከምኒልክ ወዲህ ከተጻፉት ሕጎች አንዱን ልናመሰግን ብንወድ ይህን አንቀጽ እናመሰግናለን።

እንግዲህ ምን ይሁን?

«ስለዚህ ማንም የፈለገውን ይሳደብ ነው የምትሉት?» ብላችሁ እንደምትጠይቁን እናውቃለን። አይደለም። ሰው ይገደል፣ ቤት ይቃጠል ብሎ የሚጠራ ንግግር ይቀጣ እንላለን። ሲቀጣ ግን ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ይጀመር። ሚሊዮን ሰው የሚሰማው፣ ታጣቂ የሚታዘዘው ሰው የተናገረው ቃል በካፌ ስልኩን ይዞ ከሚሳደብ ጎረምሳ ቃል ጋር አይተካከልም። የኛ ሕጎች ግን ጎረምሳውን ይዘው ባለማጉያውን ያልፋሉ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ «ተጨማሪ ሕግ ይውጣ» የሚል ድምፅ ስንሰማ እንሰጋለን፤ በተለይ ድምፁ ከላይ ሲመጣ።

የቀረው ስድብ ለኛ የተተወ ነው። «ጠይብ»፣ «ባሪያ» እና ያ ያልጻፍነው ቃል በፖሊስ አልሞቱም፤ በፖሊስም አይሞቱም። ይህ ማለት ግን ቁጭ ብለን እስኪሞቱ እንጠብቅ ማለት አይደለም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የክፍል ጓደኛችን ስትሆን፣ ወንድማችን እሷን አገባለሁ ሲል ቤተሰቡ ፊት አብረን ስንቆም፣ በታክሲ ውስጥ አንዱ በአንድ ሕዝብ ላይ ሲቀልድ አብረን ሳንስቅ ስንቀር ቃሉ ጉልበት ያጣል። ይህ ከአዋጅ የከበደ ሥራ ነው። ዝም ማለት ይቀላል፤ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ያሳደጉን ልጆች ነንና።

ምኒልክ «የሰደባችሁት እኔን ነው» ሲሉ የተናገሩት እንደ ንጉሥ ነው። እኛ ንጉሥ አይደለንም፤ ማንንም አንድ ዓመት ማሰር አንችልም። ዓረፍተ ነገሩን ግን ልንዋሰው እንችላለን። አጠገባችን ያለ ሰው በዘሩ ወይም በእጁ ሥራ ሲሰደብ «የሰደብከው እኔን ነው» ለማለት ዙፋን አያስፈልግም።